የመምህር ዘመኑ ወሽመጥ

ሙላቴ፦ ገበቴ ነው!

ዘመኑ፦ ጀልባ ነው አልኩህ!

ሙላቴ፦ አያ ዘመኑ፣ እኛ ጉና ላይ እንዲህ ባለው ሊጥ እናቦካበታለን።

ዘመኑ፦ አሥራ ሁለት ክንድ የሚረዝም ገበቴ የት አይተህ ታውቃለህ?

ሙላቴ፦ ድግሱ የትልቅ ሰው መስሎኝ ነዋ።

[ሚያዝያ ሠላሳ ቀን ረፋድ ላይ፣ ደብረ ታቦር፣ የመምህር ዘመኑ ግቢ። መምህር ዘመኑ የአምስት ልጆች አባትና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የዓለምን ወሬ ከዓለም ቀድሞ ካልሰማ ቁርሱ አይወርድለትም። ሙላቴ የሚስቱ የሸዋነሽ ታናሽ ወንድም ነው። ሊያግዘው ከጉና ከወረደ ግማሽ ዓመት ሆኖታል፤ ሐይቅ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በመካከላቸው ዘመኑ ከጣና ዳር አስጭኖ ያመጣት አሮጌ የዋንዛ ጀልባ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። ሙላቴ ስንጥቋን በጥጥና በሬንጅ ይደፍናል። ዘመኑ ሬዲዮ በመስማት ያግዘዋል።]

ዘመኑ፦ ቶሎ በል! አባታችሁ አባ ይሻው አይሱዙ ይዘው ሊደርሱ ነው። ነገ ልደታ ናት። "የስእለትዎን ጃንጥላ በገዛ ጀልባዬ የጣናው ደሴት ቤተ ክርስቲያን ድረስ አደርሳለሁ" ብዬ ለጥምቀት በዘመድ ሁሉ ፊት ቃል ገብቻለሁ። ለአማቼ የገባሁት ቃል ከታጠፈ፣ በዚህ ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም።

ሙላቴ፦ እኔም እኮ ስለ እሱ ልነግርህ ነበር። ይች ጀልባ...

ዘመኑ፦ ዝም በል፣ ዜና ነው!

[ሬዲዮው ስለ አንድ ሩቅ ባሕር ያወራል። ዘመኑ ጆሮውን ይለጥፍበታል።]

ዘመኑ፦ ጉድ ፈላ! ወሽመጡ ተዘጋ!

ሙላቴ፦ [ብሩሹን ጥሎ] የማን ወሽመጥ?

ዘመኑ፦ የባሕሩ።

ሙላቴ፦ ምን አስደነገጠው?

ዘመኑ፦ ማንን?

ሙላቴ፦ ባሕሩን። እኔ የማውቀው ወሽመጥ ሲቆረጥ ነው። እናቴ በሬያችን ገደል ገባ ሲሏት ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ተዘጋ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም፤ የከተማ በሽታ ይሆናል።

ዘመኑ፦ እግዚኦ! የባሕር ወሽመጥ ማለት በሁለት መሬት መካከል ያለች ጠባብ የውኃ መተላለፊያ ናት። ከእሷ ሌላ መውጫ የለም። በቃ፣ በር በለው።

ሙላቴ፦ በር?

ዘመኑ፦ በር።

ሙላቴ፦ [የግቢውን በር አየት አድርጎ] ታዲያ በሩን ምን ዘጋው?

ዘመኑ፦ አንድ ትልቅ መርከብ ተሰነቀረበት። ወደ ፊት አይል፣ ወደ ኋላ አይል። ስንዴ የጫነ ሁሉ ከኋላው ተኮልኩሏል።

ሙላቴ፦ በሩ ስንት ክንድ ነው?

ዘመኑ፦ ባሕር በክንድ አይለካም!

ሙላቴ፦ መርከቡስ?

ዘመኑ፦ ካፒቴኑ ጅል ሆኖ እንጂ ይለካ ነበር። ሰው መርከብ የሚያህል ነገር ይዞ ሲነሣ "ልለፍ ወይስ አልለፍ" አይልም? በሬ እንኳ በረት ሲገባ ለቀንዱ ብሎ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል!

ሙላቴ፦ አብረውት ያሉት አልነገሩትም ይሆን?

ዘመኑ፦ ይነግሩታል እንጂ! ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው መቼ ይሰማል?

ሙላቴ፦ አይሰማም።

ዘመኑ፦ አይሰማም!

ሙላቴ፦ [የጀልባዋን ወርድ በክንዱ እየለካ] አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት።

ዘመኑ፦ ምን እያደረግህ ነው?

ሙላቴ፦ ለዜናው ነው። [ወደ ግቢው በር ሄዶ] አንድ... ሁለት... ከስንዝር።

[ዘመኑ ያዝንለታል። ሸዋነሽ ወንድሟን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ብታስገባው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብሎ በሆዱ ያስባል።]

ሙላቴ፦ አያ ዘመኑ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

[ዘመኑ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋል።]

ዘመኑ፦ መርከቡን ቆርጠህ ማጥበብ አትችልም። ዳር ዳሩን ያለ ርኅራኄ ንዶ በሩን ማስፋት ነው! ግን ማን ይስማኝ?

ሙላቴ፦ እኔ እሰማሃለሁ። [ድጅኖ ያነሣል።]

ዘመኑ፦ ድጅኖው ለምንድን ነው?

[ከውጭ የመኪና ጡሩንባ። "ቤቶች! ልጄ ዘመኑ! ጃንጥላዬን ይዤ መጥቻለሁ!" የሚል የአባ ይሻው ድምፅ ይሰማል።]

ሙላቴ፦ ጀልባዋ አራት ክንድ ናት። በሩ ሁለት ክንድ ከስንዝር ነው።

[ዘመኑ በሩን ያያል። ጀልባዋን ያያል። እንደገና በሩን ያያል። ሬዲዮውን ያጠፋል።]

ዘመኑ፦ ታዲያ... ስትገባ እንዴት ገባች?

ሙላቴ፦ ያኔ አጥሩ እሾህ ነበር፤ ገለጥ አድርገን አስገባናት። ኋላ "ሌባ ይወስዳታል" ብለህ፣ በጥር ይኸን የድንጋይ አጥር በሲሚንቶ እኔኑ አስገነባኸኝ።

ዘመኑ፦ በጎኗ ብናስተኛትስ?

ሙላቴ፦ ፀሐይ አባባን እንዳይመታቸው ብለህ የቆርቆሮ ጣሪያ መታህባት። በጎኗም ሦስት ክንድ ሆነች።

ዘመኑ፦ በማርያም! ለምን አልነገርኸኝም?

ሙላቴ፦ በጥር ልነግርህ ስል "ዝም በል፣ ዜና ነው" አልኸኝ። በመጋቢት ልነግርህ ስል አንድ አገር ምርጫ ነበረው። ዛሬም ጀምሬ ሳልጨርስ ወሽመጡ ተዘጋ።

ዘመኑ፦ [ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ] ወሽመጤ ቁርጥ አለ!

ሙላቴ፦ አዎ፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው።

[ድጅኖውን ከበሩ ጎን ሰክቶ የአጥሩን የመጀመሪያ ድንጋይ ይገለብጣል። ውጭ ጡሩንባው ዝም ይላል። "ዘመኑ! ምንድን ነው የሚናደው?" ይላሉ አባ ይሻው። ዘመኑ ተነሥቶ የተገለበጠውን ድንጋይ ከበሩ ያነሣል።]

ሙላቴ፦ ትንሽ ይታገሡ አባባ፣ ዜና ላይ ነን!