አባ ዚፕ ስቲከሩን የላጡበት ቀን

ስልኩ በተገዛ በስድስተኛው ወር፣ ዘመነ ዋስትና ሊፈጸም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ሊቀ መርፌ ወመቀስ፣ ሰፊ ሱሪን ያጠበቡ፣ ጠባቡን ያሰፉ፣ ልብስ ሰፊው አባ ዚፕ የፈጸሙትን ገድል፣ ያየነውን ሳንቀንስ፣ የሰማነውን ትንሽ ጨምረን እንጽፋለን።

ስልኩስ በወጉ በበር የገባ አልነበረም፤ በሰው ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ተሻገረ እንጂ፤ ስለዚህም ረከሰ። ሻጩም በጀርባው ላይ ጥፍር የምታህል ስቲከር ለጥፎ፣ በእስክሪብቶ ፈርሞባት አወጀ፦ «ወንድሜ፣ ይህችን ያልነካ ስድስት ወር ሙሉ የኛ ሰው ነው፤ ጫፏን የላጠ ግን አናውቀውም!» አባ ዚፕም ላብ እንዳይነካት ስልኩን በሁለት ጣት ያዙ፣ ኪስም ከለከሉት፤ ሚስታቸው ሊያቅፏቸው በቀረቡ ቁጥር አስቀድሞ «ስቲከሯን!» የሚል አዋጅ ይወጣ ነበር።

በዚያ ረቡዕ ስልኩ ጠቆረ። በውስጡም የአንዲት ሙሽራና የስድስት ሚዜዎቿ ልክ ነበረ፤ ሠርጉ እሁድ ነው፣ ጨርቁ ሳይቀደድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ሴቶቹም ከሩቅ ሥራ ቦታቸው የሚመጡት ቅዳሜ ማታ ነው። ራሳችሁ ለክታችሁ ላኩ እንዳይባሉ፣ ራሱን የለካ ሰው ወገቡን አሳንሶ እንደሚልክ አባ ዚፕ በሃያ ዓመት ሥራ ተምረዋል።

ስለዚህ ተነሥተው ዘመቱ፤ በቀኛቸው ጫማ ሰፊው ጎረቤታቸው፣ በግራቸው ሁሉን ዐዋቂው አማቻቸው፣ በስተኋላም የሙሽራይቱ እናት እየተቆጡ ተከተሉ። ከስልኩ አምራች ወኪል ቢሮ ደርሰው፣ ወረፋ ይዘው፣ አርባ ሰባት ሰው ካሳለፉ በኋላ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ አወጀች፦ «ይህ ስልክ ለዚህ አገር አልተሠራም፤ ዋስትናው የተገዛበት አገር ነው፣ እዚያ ይውሰዱት። ቀጣይ!» ወደ ሱቁም ተመለሱ፤ ሻጩም ስቲከሯን ወደ ብርሃን አዙሮ መርምሮ አወጀ፦ «አንበሳ! ዋስትናዎ ጽኑ ነው። አጎቴ ሲመጣ በሻንጣው ይወስደዋል፤ ሁለት ወር ብቻ ይታገሡ።» በዚህን ጊዜ የሙሽራይቱ እናት በአደባባይ አወጁ፦ «እሁድ ልጄን በአንሶላ ጠቅልዬ ልዳራት ነዋ? አባ ዚፕ፣ እኔን አያውቁኝም!»

ከሱቁ ወጥተው የሄዱበት የመንገድ ዳር ስልክ ጠጋኝም የመጨረሻውን አዋጅ ነገረ፦ «ካልተላጠ አይከፈትም፣ ካልተከፈተ አይነሣም። ይወስኑ፣ ጋሼ!»

አማቻቸው ፊታቸውን አዞሩ። ወእምዝ ሊቀ መርፌ ስድስት ወር ያልደፈሯትን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጀመሯት፤ ላጧትም። ከሥሯ የሌላ ሱቅ ስቲከር ተገኘች፤ እሷንም ላጡ፤ ከዚያም ሥር ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ ቀን የተጻፈባት ሦስተኛ ነበረች። አዲስ ተብሎ የተሸጠው ስልክ ስንት እጅ እንደዞረ ያን ጊዜ ታወቀ፤ አባ ዚፕ ግን ስልኩን ለጠጋኙ ሰጡ።

ስልኩም ተከፍቶ፣ ተነካክቶ፣ ለሩብ ሰዓት ነቃ። አባ ዚፕ ደረትን፣ ወገብን፣ ቁመትን በታላቅ ድምፅ አነበቡ፤ ጫማ ሰፊውም በቆዳ ቁራጭ ላይ ጻፈ፤ መንገደኛውም ሁሉ የሚዜዎቹን ወገብ ዐወቀ። የመጨረሻዋ ቁመት እንደተነበበች ስልኩ ዳግመኛ ላይነሣ አረፈ።

እነሆ፣ ስልክ አልባው፣ ዋስትና አልባው፣ ሦስት ሱቅ በአንድ ጥፍር የረቱት አባ ዚፕ ከፍ ከፍ ይበሉ! እሁድ ሰባት ቀሚሶች እስኪመሽ ጨፈሩ፤ አንዲት ስፌት እንኳ አልተተረተረችም።