አንድም በሽተኛ ያልተገኘባት ደሴት

ምስጋና ለማዘጋጃ ቤታችን ጤና ጽሕፈት ቤት ይድረሰውና፣ በእኛ ደሴት በሽታ በይፋ ቀርቷል። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያስላሉ፣ ያብጣሉ፣ ዳገት ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው ባሕሩን የሚያደንቁ ይመስላሉ፤ ይህ ግን የግል ጉዳያቸው ነው። በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሁላችንም አረንጓዴ ነን።

ድሮ፣ ኋላቀር በነበርንበት ዘመን፣ ቦዲል የምትባል ነርስ በየሳምንቱ በጀልባ ትመጣልን ነበር። ስኳር ያለበትን፣ ግፊት ያለበትን፣ ልቡ የደከመውን ሁሉ ቤቱ ገብታ ካልሲውን አስወልቃ እግሩን ታያለች። ጽሕፈት ቤቱ ይህን አሠራር ሲገመግመው «ተጠቃሚውን ያላማከለ» ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ተጠቃሚውን ለማማከል ነርሷን ከተማ አስቀመጠና ለየሕመምተኛው ታብሌት ላከ። ታብሌቱ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ደህና የሆነ አረንጓዴውን፣ የባሰበት ቀዩን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ከባለቤቱ ጣት በቀር የማንንም አይቀበልም። ቀይ ከበራ ቦዲል በሄሊኮፕተር ከች ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነገር ነው፤ ሌላ አገር ቢሆን።

እኛ ዘንድ «እንዴት ነህ?» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፦ «ምንም አልል።» ጀልባው የሰጠመበትም፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችም ይህንኑ ነው የሚለው። ከዚያ አልፎ ስለ ራሱ ያጉረመረመ ሰው ክረምቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል።

ጎረቤቴ ኤይለርት ልቡ ደክሟል። ታብሌቱ በመጣ በዓመቱ ፀደይ ላይ እግሩ አብጦ ቦት ጫማው አልገባ ስላለው በበረዶ ላይ በሸበጥ ይሄድ ነበር። ጋደም ሲል ትንፋሹ ስለሚያጥረው ወንበር ላይ ነው የሚያድረው። ሚስቱ ጉንቮር ሰው ፊት ታለቅስ ጀመር። እሱ ታዲያ ሲነጋ፣ አረንጓዴ!

«አንተ ሰው» አለችው ጉንቮር፣ «አንድ ቃል ተናግረህ መጨረስ እያቃተህ አረንጓዴ ትጫናለህ?»

«እና ምን... ልሁን? ጎረቤታችን ሲግፍሪድ ከእኔ ብሶባት... ዝም ብላ የለም እንዴ? እኔ ልጩህ?»

«ሲግፍሪድም እኮ አንተን አይታ ነው ዝም ያለችው!»

«አየሽ... ጨዋ ሴት ናት።»

አንድ ቀን ጉንቮር እስኪያሸልብ ጠብቃ አውራ ጣቱን ወደ ቀዩ ስትጎትት ነቃባት። አኮረፋት። ቢቸግራት ቦዲል ጋ ደወለች።

«እትዬ ጉንቮር፣ እኔማ አምንዎታለሁ» አለች ነርሷ። «አለቃዬ ግን ‹አረንጓዴ ለሆነ ሰው ጀልባ አላሰናዳም› ይለኛል። እባክዎ እንደምንም ብለው ቀዩን ያስጫኑት።»

አለቃዋ አቶ ቪግዳል አርቆ አሳቢ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ከአረንጓዴ በቀር ቢያጡ፣ ክትትላቸው በሽታን ከምንጩ ማድረቁን አረጋገጡ። ቦዲልንም «በሽታ ወዳለበት አካባቢ» ለማዛወር ወሰኑ። ይህን የምሥራች ከዋንጫ ጋር ሊያበስሩን ራሳቸው ብቅ አሉ።

ግንቦት ስለነበር፣ እንደ ወጋችን የባሕር ወፍ እንቁላል ቀቅለን ከቢራ ጋር በደሴቲቱ አዳራሽ አቀረብንላቸው። እንቁላሉ ውስጡ ጫጩት መሆን ሳይጀምር መለቀም አለበት፤ በዚያ ዓመት ትንሽ ዘግይተን ነበር። እንግዳው ጨዋ ናቸውና አንዱን ውጠው ሌላ ደገሙ። ከዚያ ለንግግር ተነሡ።

«ክቡራትና ክቡራን! ርቀትን ያቀረበው፣ ቅርበትን ያራቀው ይህ ዘመናዊ ክትትል... አንድም ቀን ሳያጓድሉ አረንጓዴ የተጫኑት አርአያችን አቶ ኤይለርት...»

አርአያችን ከፊት ወንበር ላይ ከንፈሩ ጠቁሮ ያለከልካል። ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን አቋርጠው ሆዳቸውን ጨበጡ።

«ወይኔ ሆዴ! ነርስ! ነርስ ጥሩልኝ!»

እርስ በርስ ተያየን።

«ነርስ የለንም፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ከተማ ያስቀመጧት?»

«ታብሌቱን አምጡታ!»

ኤይለርት ለሽልማቱ ይዞት የመጣውን ሰጠናቸው። በጣታቸው ደጋግመው ቢደበድቡትም እምቢ አላቸው። ወለሉ ላይ እንደተጠቀለሉ ወደ ኤይለርት እጃቸውን ዘረጉ።

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ... አንተ ተጫንልኝ!»

ኤይለርት አሰበ። ስለ ራስ ማጉረምረም ነውር ነው፤ እንግዳ ሲጨነቅ እያዩ ዝም ማለት ደግሞ የባሰ ነውር።

«ለሰው ከሆነማ... ምን ቸገረኝ» አለና ቀዩን ተጫነ። ጉንቮር እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ሄሊኮፕተሩ እንዳረፈ ቦዲል ዘልላ ወረደች። ሥራ አስኪያጁን አልፋ ኤይለርት ፊት ተንበረከከችና ካልሲውን አወለቀችው።

«ኧረ ቦዲል! የታመምኩት እኔ ነኝ!»

«ቀዩ የበራው በጋሽ ኤይለርት ስም ነው፣ ጌታዬ። ከሰሌዳው ውጪ እንዳልሠራ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።»

ጭና ይዛው በረረች። ሐኪሞቹ፣ ያን ቀን ባይመጣ ኖሮ አይተርፍም ነበር አሉ። ግንቦት ሳያልቅ በገዛ ቦት ጫማው እየተራመደ ከጀልባ ሲወርድ ጉንቮር አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ቀይ ስለበራ የቦዲል ዝውውር ቀረ፤ ኤይለርት ከዳነ ወዲህ ዳግም አረንጓዴ ቢጫንም፣ «ቀይ የበራበት ደሴት» ተብለን እሷ እንደ ድሮው በጀልባ ትመጣልናለች።

አቶ ቪግዳል ከአዳራሹ ጓሮ ደርሰው ሲመለሱ ድነው ነበር። ወዲያው «የርቀት ክትትላችን የሰው ሕይወት ታደገ» የሚል ሪፖርት አቀረቡ፤ አሠራሩም ወደ ጎረቤት ደሴቶች እንዲስፋፋ ተወሰነ። ደሴቶቹ የኛን ወሬ ሰምተው ኖሮ ለጽሕፈት ቤቱ ደወሉ፦

«ታብሌቱ ይቅርብን። ሥራ አስኪያጁን ብቻ ላኩልን፤ እንቁላሉን ጥደናል።»