ሚስተር ዌይን እሽቅድምድሙን ለምን ተዉት?

የሰርግ አጀብን የፈለሰፈው ሰው ፍሪዌይ አይቶ አያውቅም። እንዲህ ደፍሬ መናገሬ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው፤ ስሜን ስጠየቅ እንኳ «ይመስለኛል» ማለት የሚቃጣኝ ሰው ነኝ። ግን እስቲ አስቡት። ሙሽራው ከፊት፣ ጓደኞቹ ከመሐል፣ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሁሉም ክላክስ እየነፋ በዝግታ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያሳልፋችኋል፣ ልጆችም ይሮጡላችኋል። እዚህ ባሕር ማዶ፣ በፈጣኑ የፍሪዌይ መንገድ ከኦክላንድ ወደ ሳንሆዜ ስትሄዱ ግን ግራና ቀኛችሁ የጭነት መኪና ነው። የጭነት መኪና ለሙሽራ አይራራም። በዚያ በሰማንያዎቹ ዓመታት ከእኛ ሰርጎች አጀቡ ሳይበተን የደረሰ አንድም ትዝ አይለኝም። አንዱ መውጫው፣ ኤግዚቱ፣ ያመልጠዋል፣ አንዱ ቤንዚን ልቅዳ ብሎ ይወርዳል፣ አንዱ ደግሞ በአበባ ያጌጠ መኪና ያየ ጊዜ የማያውቀውን ሰው ሰርግ ተከትሎ ይነጉዳል።

ጓደኛዬ ሰለሞን አንደኛ ሚዜ ያደረገኝ ለመልኬ ሳይሆን ለጥንቃቄዬ ነው። ምክንያት ነበረው። ሳንሆዜ የሚኖሩት የሙሽራዋ አባት ጋሽ በቀለ ታላቋን ልጃቸውን ሲድሩ የሙሽራው ሽማግሌዎች መንገድ ጠፍቷቸው ኬኩ ከተበላ በኋላ ደርሰዋል። ይህን አልረሱም። ለእኔም በስልክ ቁርጡን ነገሩኝ፦

«ስማ አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ካልገባ ሙሽራ በሬን አያልፍም። በኋላ ኮል አድርገህ ይቅርታ ብትለኝ አላነሳልህም።»

መንገዱን አስቀድሜ ነድቼ አጠናሁት። ለየሹፌሩም ካርታ ሳልኩ። የቀረኝ የሙሽራው መኪና ነበር። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ከምኖርበት ቤት ታች ያሉት ጡረተኛ፣ ሚስተር ዌይን፣ እንደ ጀልባ የሚንሳፈፍ ረጅም ክሬም መኪና አላቸው። እንዲያውሱን ብለምናቸው «ሹፌሩም እኔው ነኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ የዘለቀው ግን ሳሎናቸው ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ እስካይ ድረስ ነው። ወጣቱ ዌይን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቁጥር የተጻፈባትና ጭቃ የለበሰች የውድድር መኪና ተደግፏል።

«ድሮ ሳንሆዜ በአፈሩ ሜዳ ላይ እሽቀዳደም ነበር» አሉ።

«ለብዙ ጊዜ?»

«ለአንድ በጋ።»

«ለምን ተዉት?»

«የመኪናው ባለቤት ጠባዬን አልወደደውም» ብለው ሳቁና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትገምታላችሁ? እንጀራው ፍጥነት የሆነ ሰው፣ በአንድ በጋ «ጠባይህ አልተመቸኝም» ከተባለ፣ ያ ጠባይ ምን ዓይነት ነው? ሰለሞን በበኩሉ «የሚነዳኝ ሬሰር ነው!» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ምግብ ቤት ስገባ አንዱ «ሰው ገጭቶ ነው የተባረረው» ይለኛል፤ ሌላው «ምን ሰው፣ ዳኛውን ነው እንጂ» ይላል። ካርታ የሳልኩት እኔ፣ ሽማግሌዎቹን ጥሎ የሚበር ሹፌር በገዛ እጄ ቀጠርኩ ማለት ነው።

የሰርጉ ቀን «እባክዎን ቀስ ይበሉ» እያልኩ ሰውየውን አሰለቸኋቸው። እሳቸው ግን ገና ከመነሻው የቀኙን፣ የዝግተኞቹን ሌን ይዘው እንደ ደመና ይሳቡ ጀመር። የሰለሞን ጓደኞች ክላክስ እየነፉ አለፉን። ቪዲዮ አንሺው ሳይቀር ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ እየቀረጸን አለፈን።

«ኧረ ንዳው በለው!» አለ ሰለሞን። «በገዛ ሰርጌ መጨረሻ ልወጣ ነው!»

መንገድ ላይ ሄይዋርድ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ሚስተር ዌይን ፍሬቻ አብርተው ከፍሪዌዩ ወረዱና አንድ የሶፋ መደብር ፓርኪንግ ውስጥ ቆሙ።

«ቡናማዋ መኪና የለችም» አሉ።

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም የለችም። የሽማግሌዎቹ መኪና ናት። ከኦክላንድ ጀምሮ እኔ ዓይኔን የተከልኩት የፍጥነት መለኪያው ላይ ነበር።

«እንሂድ!» አለ ሰለሞን። «ቪዲዮው እኮ ደርሷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ!»

«ያለ ሽማግሌ በየት በኩል ትገባለህ?» አልኩት።

«ሬሰር ብለህ ያመጣህልኝ ይኼ ነው? ቆሞ የሚጠብቅ ሬሰር!»

ሚስተር ዌይን ማንንም አላማከሩም። በጥቁር ሱፋቸው የፍሪዌዩ መውጫ ዳር ቆመው ባርኔጣቸውን ያውለበልቡ ጀመር። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ጋሽ በቀለም ሳንሆዜ ሆነው ሰዓታቸውን እያዩ መሆኑን አውቃለሁ። ቡናማዋ መኪና በመጨረሻ እንፋሎቷን ወደ ሰማይ እየለቀቀች መጣች። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ የሰለሞን አጎት ጋሽ ታደሰ፣ ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ።

«ግርማ» አሉ ሹፌሩን፣ «መኪናህ ወጥ ጥዳለች እንዴ?»

ግርማ መኪናውን ሊያበርድ ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሙሽራው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ጋሽ ታደሰ የአበባውን እቅፍ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሳንሆዜ ስንደርስ ቀድመውን ያለፉት ሁሉ ከነቪዲዮ አንሺው ደጅ ቆመዋል። ጋሽ በቀለ በሩን ሞልተውታል። የሙሽራው መኪና ተከፈተና መጀመሪያ ከዘራ፣ ቀጥሎ ጋሽ ታደሰ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ በመጨረሻ ሱፉ የተጨማደደ ሙሽራ ወጣ።

ጋሽ በቀለ ከበሩ ዘወር አሉ።

ምሳ ላይ ከሚስተር ዌይን አጠገብ ተቀመጥኩና ጥያቄዬን ደገምኩት። በዚያ በጋ በመጨረሻው ውድድራቸው እየመሩ ነበር አሉኝ። የጓደኛቸው መኪና ከጧት ጀምራ ስታስል ስለነበር፣ ደህና መሆኑን ለማየት ፍጥነት ቀንሰው ወደ ኋላ ዞር አሉ። ጓደኛቸው ደህና ነበር። በጣም ደህና ስለነበረም ቀድሟቸው አሸነፈ። የመኪናው ባለቤት ያኔውኑ ወደ ኋላ የሚያይ ሹፌር አልፈልግም ብሎ አሰናበታቸው።

ይህን ለጋሽ በቀለ ተረጎምኩላቸው። ጉርሻቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ ምን አጠፋ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሚስተር ዌይን ቅዳሜ ቤታቸው አይገኙም። ከኦክላንዱ ፍሩትቬል ሰፈር እስከ ሳንሆዜ ልጁን የሚድር ሁሉ የእኔን በር አልፎ የሳቸውን ያንኳኳል። እሽቅድምድሙ በአንድ በጋ ያሰናበታቸውን ሰው የእኛ ሰርግ አላስቀምጥ ብሏቸዋል። እኔ ገና ሙሽራ አላገኘሁም። ሹፌሩን ግን ከወዲሁ ይዣለሁ፤ ይመስለኛል።