የእርጥበት መቀበያ ጨርቅ ርክክብ ሥነ ሥርዓት

የዚያ መሥሪያ ቤት የበጎ አድራጎት ታሪክ በወርቅ ቀለም በሚጻፍበት ቀን፣ ሃያ ሜትር ነጭ የጥጥ ጨርቅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደሚሰጠው አያጠራጥርም። ጨርቁ ለመጋረጃ ተገዝቶ፣ «ብርሃን ያሳልፋል» ተብሎ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት ተኝቷል። ለመጋረጃ አይሁን እንጂ ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀልጥ፣ ውሃ ሲያገኝ ጥርግ አድርጎ የሚጠጣ ጨርቅ ነበር። ይህን ያወቀችው ኑሮዋ ከጨርቅ ጋር የሆነ ሰው ናት፤ የመሥሪያ ቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም «እትዬ መርፌ» የሚላት።

እትዬ መርፌ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የዘበኞችንና የጽዳት ሠራተኞችን የደንብ ልብስ ስትሰፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ብዙ አትናገርም። የስፌት መኪናዋን ከመርገጧ በፊት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚያውቋት ጸሎት ነው ይላሉ፣ የማያውቋት ሜትር የምትቆጥር ይመስላቸዋል።

በመዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ የመጀመሪያዋን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ምን እንደሚያስፈልጋት የጠየቃት ሰው እትዬ መርፌ ብቻ ነበረች። ልጅቷ እናት የላትም። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሲወጣ ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት አይመለስም። ከሱቅ የሚገዛው፣ ተጠቅመው የሚጥሉት፣ ለጥቂት ቀን ካልሆነ እንደማያዛልቃት፣ ግቢዋ ውስጥ ግን ቧንቧና የልብስ ማስጫ ገመድ እንዳለ ተናገረች። «የሽንት ጨርቅ ባገኝ ሌላ አልፈልግም፣ እትዬ» አለች።

እትዬ መርፌ በልቧ አሰላችው። ከአንድ ሜትር ሁለት ይወጣል፤ ከአሥራ ሁለት ሜትር ሃያ አራት። ሃያ አራት ካለ አንዱ ሲለበስ ሌላው ይታጠባል፣ የቀረው ገመድ ላይ ይውላል፤ ክረምት ቢሆን እንኳ ልጅ እርጥብ ላይ አይተኛም። ከሚተርፈው ስምንት ሜትር ደግሞ መጠቅለያና ፎጣ ይወጣል። የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይህን ይዛ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ሰምተው «ይሰጣት» አሉ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ፣ መሥሪያ ቤቱም ከታላቅነት በተረፈ ነበር። ነገር ግን ለደጉ አጋጣሚ ምስጋና ይግባውና፣ በዚያች ሰዓት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ክቡርነትዎ፣ ይሰጣት ሲሉ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «እንዲሁ በዝምታ ነው?»

ዋና ሥራ አስኪያጁ በዝምታ አንድም ነገር አድርገው አያውቁም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ግማሽ ቀን የፈጀው በስሙ ላይ ነው። «ሽንት» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤቱ አርማ ሥር ሊጻፍ እንደማይገባ ሁሉም ተስማማ። ከብዙ ክርክርና ከሁለት ጀበና የማያንስ ቡና በኋላ፣ ስጦታው «የሕፃናት እርጥበት መቀበያ ጨርቅ» ተባለ። እትዬ መርፌ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሕፃን የስሙን መለወጥ ሰምቶ ሥራውን እንደማይለውጥ ልትናገር አሰበችና ተወችው።

ስም ካገኘ በኋላ ስጦታው የሚያስፈልገው ባነር ብቻ ሆነ። ኃላፊው ጽሑፉን አንብቦ አሰማ፦ «በክቡር ዋና ሥራ አስኪያጃችን አርቆ አሳቢ አመራር የሕፃናት እርጥበት ታሪክ ሆነ»። ዋና ሥራ አስኪያጁ «በዛ፣ በዛ» እያሉ ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

«በቀለም ይጻፍ በክር?» ስትል ጠየቀች እትዬ መርፌ።

«ቀለም ሲታጠብ ይለቃል። በክር ይጠለፍ፤ ቢታጠብ ቢታጠብ የማይለቅ ክር» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ። ጨርቁን በጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አነሡት። «ይሄ ደግሞ ሳስቷል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ይታያል። ድርብ ይሁን።»

«ድርብ ከሆነ ስድስት ሜትር ይበላል፣ ጌታዬ።»

«ይብላ።»

በላ። ባነር ያለ ጠረጴዛ እንደማያምር ታወቀና ለጠረጴዛው ልብስ አራት ሜትር ተቆረጠ። ጠረጴዛው ለብሶ ወንበሮቹ ራቁታቸውን መቅረታቸው ለክብር እንግዶች ስድብ ነው ተባለ፤ ሦስት ሜትር ሄደ። ስጦታው የሚገባበት ካርቶን የቴሌቪዥን ካርቶን ነበርና የቴሌቪዥኑ ሥዕል እንዳይታይ ሦስት ሜትር ተጠቀለለበት፣ ከላይ የጎመን ራስ የሚያክል አበባ ተሰፋለት። አንድ ሜትር ለሚቆረጠው ሪባን ተተለተለ። አንድ ሜትር ደግሞ «ለትውልድ ናሙና» ተብሎ መስታወት ገብቶ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እትዬ መርፌ መቀስ በያዘች ቁጥር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ በዚያ ሰሞን ግን ጸሎት ይሁን ቆጠራ እሷም ራሷ ለይታ አታውቀውም።

በመጨረሻ የቀረውን ዘርግታ ለካች። ሁለት ሜትር። ለኃላፊው ነገረችው።

«ስንት ይወጣዋል?»

«አራት።»

«አራት ጥሩ ነው» አለ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ሚዛናዊ ቁጥር ነው። ካርቶኑን ግን የሚሞላ ነገር ፈልጊለት፣ ሲያነሡት ቀላል እንዳይሆን።»

ተበጣጥሶ ሊቃጠል በነበረ አሮጌ ቅጽ ካርቶኑ ተሞላ።

ሕፃኗ ግን መርሐ ግብሩ ሳይደርሳት ተወለደች። ሴት ናት፤ ጤነኛ፣ ድምፀ ጉልህ። ከሥነ ሥርዓቱ ሦስት ሳምንት ቀድማ መምጣቷን ኃላፊው «የቅንጅት ጉድለት» ብሎ በቃለ ጉባኤ አስመዘገበ። እትዬ መርፌ እሑድ ልትጠይቃት ሄደች። ያ ሰሞን ዝናቡ ሳያባራ የሚውልበት ነበር። ልጅቷ አንድ አሮጌ አንሶላ ለስምንት ቀድዳ ትጠቀማለች፤ አምስቱ ቤት ውስጥ ከወንበር እስከ መስኮት በተወጠረ ሲባጎ ላይ እርጥብ እንደሆነ ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱ ተዘፍዝፏል። የሕፃኗ ጭን ቀልቷል፤ በጣት ሲነኳት ትጮኻለች።

«ደርሷል አሉኝ ስጦታው፣ እውነት ነው እትዬ?» አለች እናትየው። «አንድ ሁለቱን እንኳ ቀድሞ ባገኝ።»

እትዬ መርፌ የሕፃኗን ጭን በለብታ ውሃ አጥባ፣ እፍ እፍ ብላ አድርቃ፣ በራሷ የራስ መሐረብ ጠቀለለቻት። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገብታ አራቱን ብቻ እንዲሰጧት ለመነች። የሕፃኗ ጭን መላጡን፣ ጨርቅ አለመድረቁን አስረዳች። ኃላፊው እንደሚያዝን ሰው ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጣት።

«እትዬ፣ እኔም የወለድኩ ሰው ነኝ። ግን ስጦታው እኮ ሳይሰጥ ሊሰጥ አይችልም።»

የርክክቡ ቀን አዳራሹ ሞላ፤ ፊርማ ይያዛል ተብሎ ነበርና። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለአርባ ሰባት ደቂቃ ተናገሩ። እርጥበት የሰው ልጅ ጥንታዊ ጠላት መሆኑን፣ ከእርሳቸው በፊት የነበረው አስተዳደር በጉዳዩ ላይ ምንም እንዳልሠራ፣ ከእንግዲህ ግን ማንም ሕፃን ወደ ኋላ እንደማይቀር በስታቲስቲክስ አስረዱ። ፊት ለፊታቸው፣ የለበሰ ወንበር ላይ፣ እናትየው ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። በሃያኛው ደቂቃ ላይ ሕፃኗ ራሰች። ይዛ የመጣችውን ሁለት ቀድማ ጨርሳለች፤ ሌላው ቤት አልደረቀም። ጎንበስ ብላ ኃላፊውን ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲያወጣላት በጆሮው ጠየቀችው።

«ሪባኑ ሳይቆረጥ?» አለ። ደነገጠ እንጂ አልተቆጣም።

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን ገታ አድርገው «የደስታ ድምፅ ነው» አሉ፤ ተጨበጨበ። እትዬ መርፌ ከኋላ ረድፍ ተነሥታ፣ የሥራ ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ ለእናትየው አቀበለቻት። ፎቶ አንሺው ይህን አላነሣም፤ ካሜራው ባነሩ ላይ ነበር።

ከዚያ ሪባን ተቆረጠ፣ ካርቶን ተላለፈ፣ እጅ ተጨበጠ። እናትየው ቤት ደርሳ ስትከፍተው እስከ ክርኗ ድረስ የተበጣጠሰ ቅጽ ውስጥ ገብታ አራት ጨርቅ አወጣች። ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ ከአራቱ አንዱን ወዲያው አደረገችላት።

አዳራሹ ባዶ ሲቀር እትዬ መርፌ ባነሩን ከግድግዳው፣ ልብሱን ከጠረጴዛውና ከወንበሮቹ ላይ አወረደች፤ እናትየው ዘንድ የሄደውን የካርቶን መጠቅለያም አስመለሰች። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነውና ያለ ፈቃድ ክር አትመዝም፤ አስተዳደጓ ነው። ኃላፊውን የማን ፎቶ ይተልቅ ሲል እየመረጠ አገኘችው።

«ይህ ጨርቅ ከእንግዲህ ምን ይሁን?»

«ያው ያገለገለ ነው። እንዳሻሽ አድርጊው።»

«በጽሑፍ ስጠኝ፣ ልጄ።»

ሳቀባት። ሳቀባትና ጻፈላት፦ «ዝግጅቱ በድል ስለተጠናቀቀ ያገለገሉት ጨርቆች ለሚጠቅም ነገር ይዋሉ»። ፈረመበት፤ ማኅተም የሚወድ ሰው ነውና ማኅተምም መታበት።

ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ዱሮም ሁለት ቀን ነበር የሚፈጀው። የጠረጴዛው ልብስ ስምንት፣ የወንበሩ ስድስት፣ የካርቶኑ ስድስት ወጣው። ባነሩን በየግማሽ ሜትሩ ቆርጣ ዙሪያውን ዘመዘመችው፤ ጥልፉ ወደ ውጭ፣ ልስላሴው ወደ ሕፃኗ፣ ድርብ እንደሆነ ስድስት ወፋፍራም ጨርቅ ሆነ። ሃያ ስድስት። ከአራቱ ጋር ሠላሳ። «ተመስገን፣ ከለመንኩት አበለጥክ» አለችና መኪናዋን ከደነች።

ሁለት ወር አለፈ። ዝናቡ አባራ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለዓመቱ መጽሔት ሽፋን የሚሆን ፎቶ ፈልገው፣ የስጦታውን ውጤት በአካል ለመገምገም፣ ኃላፊውንና ፎቶ አንሺውን አስከትለው እናትየው ግቢ ድረስ መጡ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ሥራ አስኪያጁ ደረቀ?»

«ገና ነው። ወገቡ ላይ ትንሽ እርጥበት አለው።»

«ክቡር ዋናስ?»

«እሱማ ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፏል። ሽታው አልለቅ አለኝ።»

«በቃ አመራርን አደረግኩላት። አርቆ አሳቢን ለማታ ላስቀምጠው።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ በሩን ገፍተው ገቡ። ከቧንቧው እስከ አጥሩ በተዘረጋው ገመድ ላይ፣ በጠራ ፀሐይ፣ ማዕረጋቸው በየጨርቁ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ተሰጥቷል። ክሩ አልለቀቀም፤ አንድም ፊደል አልደበዘዘም። ኃላፊው ፊቱ እንደ ጨርቁ ነጣ።

«ይሄ... ይሄን ማን ፈቀደ?»

እትዬ መርፌ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። አነበበው። ፊርማው ያምር ነበር።

ነገሩ ያልገባው ፎቶ አንሺ ብርሃኑ እንዳያመልጠው ስለቸኮለ «ሕፃኗን ቢያቅፏት ጥሩ ይመጣል» አለ። እናትየው አንሥታ ሰጠቻቸው። ደልድላለች፤ ጭኗ ላይ የቀላ ነገር የለም። ዋና ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ለመጽሔት የሚሆነውን ፈገግታ እንደያዙ አቀፏት። ሕፃኗም ዐይን ዐይናቸውን እያየች፣ በእርጋታ፣ ጉዳይዋን ፈጸመች። ሙቀቱ መዳፋቸው ላይ ሲሰማቸው ፈገግታቸው ባለበት ደረቀ። እንዳይጥሏት ልጅ ናት፤ እንዳይዟት ልብሳቸው ነው። ጠበቁ። እጃቸውን ቀስ ብለው ከሥሯ አወጡና አዩት።

ደረቅ ነው።

«አይፈስም፣ ጌታዬ» አለች እትዬ መርፌ። «ድርብ ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት።»

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ፣ አመራር ከላይ የመጣበትን ወደ ታች ሳያንጠባጥብ ተቀብሎ የያዘው ያን ቀን ብቻ ነው።