የፊታውራሪ ፎቶግራፍ ጤና

አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ምን ያህል እንደሚያስብ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ቆሰበር መጥቶ የመዝገብ ቤት ጸሐፊውን የአቶ አዝመራውን ቤት ይመልከት። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ በነጻ የተሰጠቻቸው ይህች ቤት የውሃ ችግር የለባትም። ክረምት ከገባ ውሃው ከጣራም ከወለልም ሳይጠሩት ይመጣል፤ ከጥርባ ሐይቅ በኩል የሚነሣው ጉምም በበር ገብቶ ቁጭ ይላል።

አቶ አዝመራው ሥልጡን ሰው ናቸውና ጭቃ ግድግዳ እያዩ መኖር አይወዱም። በየዓመቱ ጋዜጣ በዱቄት ማጣበቂያ እየለጠፉ፣ በአምስት ዓመት ግድግዳቸውን አምስት ልብስ አልብሰውታል። ከአልጋቸው ራስጌ፣ የበላያቸው ፊታውራሪ ቢሻው ድልድይ ሲመርቁ የተነሡት ፎቶግራፍ ያለበት የጋዜጣ ገጽ ተለጥፏል። በፎቶግራፉ ዳር ግማሽ ትከሻ ትታያለች። ያች ትከሻ የአቶ አዝመራው ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣታቸው እያሳዩ፣ በጋዜጣ የወጡ ሰው መሆናቸውን ያስታውሳሉ።

የጎደላቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፤ ከአልጋ እስከ በር ሲራመዱ እንደ ወናፍ ያለከልካሉ። ለሥራ ዳንግላ በሄዱበት ሳምንት ግን አንዲት ጊዜ እንኳ አላሳሉም። ይህን ያስተዋለችው ባለቤታቸው ወርቅአየሁ ናት። ሴት በመሆኗ ግን ቃሏ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ድሬሰር ስማቸው መጥቶ ደረታቸውን አዳመጠ። ከዚያ የጋዜጣውን ጠርዝ በጥፍሩ ገለጥ ቢያደርግ፣ የዱቄቱን ማጣበቂያ ቀለብ ያደረገ ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ግድግዳውን ወርሶት አገኘ።

«ሕመሙ ከግድግዳው ነው» አለ። «ወረቀቱን ይላጡት፣ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ኖራ ይቀቡት።»

«ፊታውራሪን ልላጥ?»

«ወረቀቱን ነው ያልሁ።»

«ወረቀቱ ላይ ማን አለ?»

ድሬሰሩ የልጆች አባት ነውና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ጉዳዩ ለመሥሪያ ቤቱ ጉባኤ ቀረበ። ሰባት ሹማምንት ግማሽ ቀን ከመከሩ በኋላ፣ «የአቶ አዝመራው ትንፋሽ እጥረት በነፋስ ከመመታት የመጣ መሆኑ ስለታመነበት፣ ነፋሱ የሚገባበት መስኮት በምስማር እንዲዘጋ» በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። መስኮቱ በዕለቱ ተመታ። መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ወዲህ በዕለቱ የተፈጸመ ውሳኔ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሻጋታው በጉባኤው አልተጠራም ነበርና ውሳኔውን አልሰማም። በመስከረም ወረቀቱን ዘልቆ ወጣ፤ ድልድዩን ያዘ፣ ሪባኑን ያዘ፣ ቀጥሎም ወደ ፊታውራሪ ጢም ወጣ። አቶ አዝመራው በዚያን ጊዜ ትራስ ደግፈው ከመቀመጥ በቀር መተኛት አልቻሉም፤ ወርቅአየሁም ይሞቱብኛል ብላ መፍራት ጀምራለች።

በመስቀል ማግስት ፊታውራሪ በሽተኛ ሊጠይቁ ገቡ። በሽተኛውን አልፈው ከራስጌው ያለውን ተመለከቱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሻጋታ ነው ጌታዬ» አለች ወርቅአየሁ። «ባሌን የሚገድለው እሱ ነው።»

ፊታውራሪ ቀረብ ብለው የሻገተ ፊታቸውን አዩት፤ ደነገጡ። ይህ ቤት ለጤና የማይስማማ መሆኑ እንዴት እስከ ዛሬ ሳይነገራቸው እንደ ቀረ ጠየቁ፤ በዝምታ የማያልፉት መሆኑንም ተናገሩ። አቶ አዝመራው እንባቸው መጣ። ፊታውራሪ ከወጡ በኋላ ወርቅአየሁ ድስቱን ከሳፋው ጋር ታስር ጀመር።

በማግሥቱ ሦስት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። አቶ አዝመራው በተቆራረጠ ትንፋሽ አነበቡት። «ቤቱ እርጥበት ያለበትና ለጤና አደገኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የክቡር ፊታውራሪ ፎቶግራፍ በአስቸኳይ ወደ ደረቅ ቤት እንዲዛወር። መስኮቱ በተወሰነው መሠረት እንደ ተዘጋ ይጽና።»

ወዲያው ሁለት ሰዎች መጥተው ገጹን በቢላዋ ዙሪያውን ቆርጠው፣ ዝናብ እንዳይነካው ጃንጥላ ዘርግተውለት ወሰዱት። አቶ አዝመራው እስከ በሩ ሸኙት። እንደምንም ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ትከሻቸው አብራ በመሄዷ ሚስታቸው ደስ ሊላት እንደሚገባ ነገሯት።

ወርቅአየሁ የታሰረውን ድስት መፍታት ጀመረች።

«ምነው ድልድዩ የተመረቀ ቀን ደረትዎንም አብረው ባነሡት ኖሮ» አለች።