ሳጥኑ ትንሽ አሞታል

የተበላሸ ዕቃ ሁሉ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር በአገራችን አይገኝም። ሰው ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ ዕቃ ሲታመም ግን ይህ ሰው ሳይጠራ ይመጣል። ጠጋኝ እንዳይመስላችሁ፤ ጠጋኝ ጠግኖ ይሄዳል። ይህኛው መርማሪ ነው፤ አይሄድም።

በባሕር ዳር፣ በግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ፣ ይህን ሹመት የያዙት ሊቀ ብሎን ወመፍቻ አቶ ገድሉ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲያዳምጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ጆሯቸው ግን ጡረታውን አልተቀበለም። የጎረቤት ማቀዝቀዣ ቢያንጎራጉር ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጣሉ። «አትንኩት፤ ገና አልተናገረም» ይላሉ። በሩን ከፍተው ሁለት ቀን ሲያዳምጡት ሥጋው ሸተተ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ምክንያቱ ታወቀ፤ አንደኛው እግሩ ወለሉን አልረገጠም ኖሯል። አንድ የባጃጅ ሹፌርንም የሚንኳኳውን ነገር ለማወቅ «አንድ ጊዜ ብቻ» እያሉ አደባባዩን አሥራ አንድ ጊዜ አዙረውታል። ይንኳኳ የነበረው ከኋላ ወንበር የተቀመጠው የራሳቸው የመፍቻ ከረጢት ነበር።

ቢያዝን የሚባለው የቤዝ ጊታር ተጫዋች እጃቸው የገባው ሰኞ ዕለት ነው።

ቢያዝን በጣና ዳር በአንድ ሆቴል ይጫወታል። ባንዱ ቀድሞ ሰባት ሰው ነበር። እንግዳው ሲመናመን ባንዱም ተመናመነ፤ ከበሮ መቺው አዲስ አበባ ገባ፣ ሳክስፎን ነፊው ሱቅ ከፈተ፣ ሌሎቹ ሳይሰናበቱ ቀሩ። ዛሬ ያሉት እሱ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ምናሴና ዘፋኟ ፀደንያ ብቻ ናቸው። ሥራውም ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቅ የቀን ሥራ ሆኗል። በዚህ ላይ የቤዙ ሳጥን፣ ሁለት ስፒከር የታቀፈው ያ ትልቅ ጥቁር ሳጥን፣ ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረ ጢንዚዛ ጥዝዝ ማለት ጀመረ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሰገነት ነገር አያስረዝሙም። «ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፤ ሳጥንህ እስከዚያ ካልዳነ ዘፈን በፍላሽ እከፍታለሁ። ፍላሽ ጉንፋን አይዘውም» አሉት። ፍላሹ ከገባ ባንዱ አበቃለት፤ ቢያዝንም ጊታሩን ሸጦ መሸንቲ ከሚገኘው ከአባቱ የእህል መደብር ይገባል። መደብሩን የሚጠላው በእህሉ አይደለም። ገና ደጁን ሲረግጥ አባቱ «አላልሁህም?» እንደሚሉት ስለሚያውቅ ነው።

አቶ ገድሉ ሆቴሉ ድረስ መጥተው የሳጥኑን የፊት መረብ አወለቁ። የላይኛውን ስፒከር ወረቀት በአምስት ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ገፉት፣ መለሱት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ከማን ጋር ነው የምትኖር፣ ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሽ ገድሉ።»

«እንግዲያውስ ብሎን ይሆናል» አሉ።

ማክሰኞ ብሎን ሁሉ ጠበቀ፤ የሳጥኑ እጀታ በጨርቅ ተጠቀለለ። ሳጥኑ ጥዝዝ አለ። «ትንሽ አሞታል» አሉ አቶ ገድሉ። ረቡዕ ተጠርጣሪው አዳራሹ ሆነ፤ የብርጭቆ መደርደሪያው ተራቆተ፣ የግድግዳው ፎቶ ወረደ፣ መስኮቱ በካርቶን ተወጠረ፣ አስተናጋጇም የመጋረጃውን ዘንግ ይዛ እንድትቆም ተፈረደባት። ሳጥኑ ጥዝዝ አለ። «ጠንቶበታል» አሉ። ሐሙስ አምፕሊፋየሩ በሌላ ተተካ፤ ምናሴም ኪቦርዱን በራሱ ገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኝቶ ዝቅተኛውን ቁልፍ ተጫነ። ያው ጥዝዝታ። ጊታሩ፣ ገመዱና አምፕሊፋየሩ ከደሙ ንጹሕ ሆነው ተሰናበቱ።

የቢያዝን ትዕግሥት አለቀ። «ጋሽ ገድሉ፣ ነገ ዓርብ ነው! እርስዎ ሳጥኑን እያዳኑልኝ ነው ወይስ እያስታመሙልኝ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አሉና ከረጢታቸውን አንግተው ሄዱ። ቢያዝን እኒህን ሰው ያማከረበትን ቀን ረገመ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የቢያዝን በር ተንኳኳ። ሲከፍት አቶ ገድሉ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ምናሴ፣ ፀደንያና የሰፈሩ ሽማግሌ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ አሉ። «እንደምን አደርህ» ያለ የለም። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አኳኋን፣ ሰዎች ተሰብስበው በር የሚያንኳኩበትን ጉዳይ በአገሩ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

«እናቴ!» አለና ራሱን መሬት ላይ ሊጥል ሲል ምናሴና መሪጌታ ግራና ቀኝ ያዙት።

አቶ ገድሉ በድንጋጤ እጃቸውን አወራጩ። «እናትህማ ደኅና ናት! የላይኛው ስፒከር ነው።»



«ማን ነው ያልህ?» አሉ መሪጌታ የቢያዝንን ክንድ ሳይለቁ።

«ስፒከሩ፣ መሪጌታ። የቤዙ።»

«አንተ ሰው! ኪዳን ሳላደርስ መርዶ አለብን ብለህ ያስወጣኸኝ ለዚህ ነው?» መሪጌታ ወደ አቶ ገድሉ አፈጠጡ፤ ቀጥሎ የቢያዝንን ፊት አዩ። «ለማንኛውም እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።»

ገብተው ተቀመጡ። አቶ ገድሉ ነገሩን ዘረዘሩ፤ በስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሎ አብጧል፣ ማግኔቱን ይፈትጋል፣ አይጠገንም። ምትኩ በከተማው ታጥቷል፤ ከአዲስ አበባ ቢታዘዝም ለቅዳሜ አይደርስም። ቢያዝን እናቱ ባለመሞቷ ሳቀ። ሳቁ ግን መንገድ ስቶ ልቅሶ ሆነ፤ ከበሮ መቺውን፣ ሳክስፎን ነፊውን፣ ባዶውን አዳራሽ፣ እስከ ዛሬ ያላለቀሰላቸውን ሁሉ ባንድ ላይ አለቀሰ። «ተው» ያለው የለም። ፀደንያም የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለ በመጨረሻ።

«ሰኞ። ገና በጣቴ ስነካው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው አራት ቀን ሙሉ ብሎን ያስጠበቁኝ!»

«ብቻዬን ነኝ አልኸኝ እኮ» አሉ አቶ ገድሉ። «ብነግርህ ማን ሊይዝህ ነው?»

 አቶ ገድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የታችኛው ግን በሕይወት አለ። የሟቹን ሽቦ እፈታልሃለሁ፤ በቀረው ትጫወታለህ። እንዳትጮኽበት ብቻ። ሐዘንተኛ እንደሚናገር አድርገህ ንካው።»

ቅዳሜ በአንድ ስፒከር ሰርጉን ተጫወቱ። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ቤዝ መኖሩን ያወቀ የለም፤ ጥዝዝታም የሰማ የለም። ሲያበቃ ወይዘሮ ሰገነት ቢያዝንን ጠሩት። «ዛሬ ምንም አልሰማሁህም፤ ግሩም ነው። የሚመጣው ቅዳሜም ኑ» አሉት። ለቤዝ ተጫዋች ይህ ምስጋና ከስድብ የሚለየው በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቢያዝን ግን በዚያች ዐረፍተ ነገር ባጃጅ ተሳፈረ።

አቶ ገድሉ «ወገቤን አሞኛል» ብለው ከሰርጉ ቀርተው ነበር። ባጃጇ ወደ ሰፈሩ ስትታጠፍ ቢያዝን ከሩቅ አያቸው፤ በደጃፋቸው አግዳሚ ላይ ነጩን ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ በግራቸው ጎረቤታቸው ፍቅረ ማርያም፣ ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ተጠግተዋቸዋል። አዛውንቱ ለራሳቸው ያዥ ሰብስበው ይጠብቁ ኖሯል።

ቢያዝን ፊቱን አጥቁሮ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ፣ የአራት ቀኑን ብድር ሊመልስ ይችል ነበር። አስቦትም ነበር። ነገር ግን ባጃጇ ሳትቆም አንገቱን አውጥቶ «የምሥራች!» ሲል ጮኸ።

«ምሥር ብላ!» አሉ ግራና ቀኙ። አቶ ገድሉ ግን የመሪጌታን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ስለነበር፣ መጀመሪያ እሱን መልቀቅ ነበረባቸው፤ ጊዜም ወሰደባቸው።