አሉሚኒየሙ ሰውዬ

ሰውአገኝ ከውጭ የተመለሰው ግንቦት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ወይም 2005። የማርያም ዕለት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ዓመቱ ግን ባሰብኩት ቁጥር ይሸሸኛል። እሱን እንዳልጠይቀው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ይነግረኝና ጭራሽ ይጠፋብኛል።

ለማንኛውም፣ በአገራችን በየከተማው አንድ ሰውአገኝ አለ። ለስድስት ሳምንት የልምድ ልውውጥ ውጭ አገር ደርሶ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜውን ገና ከዚያ እየተመለሰ የሚኖር ሰው ነው። የስልጠናው መታወቂያ ከነማንጠልጠያው ዛሬም አንገቱ ላይ አለ። ሻይ ሲያዝም፣ ታክሲ ሲጠብቅም «እኛ አሉምናዮች» ይላል። አሉምናይ ማለት የፕሮግራሙ ምሩቅ ማለት ነው። ሌሎቹ የት እንዳሉ ጎንደር ውስጥ የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ክቡር አሉምናይ ሰውአገኝን።

ክቡርነታቸው አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ዘላቂነቱስ?» የእድራችን ድንኳን ሲገዛ ጠየቁ። የአክስታቸው ልጅ ስትሞሸር፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው እንደተቀመጡ ተነሥተው ጠየቁ፤ ሙሽራይቱ እስከ ዛሬ አታናግራቸውም። አንድ ጊዜ ደግሞ ልቅሶ ቤት «ባለድርሻ አካላት ተለይተዋል ወይ?» ቢሉ፣ ስለ ውርስ የጠየቁ መስሏቸው ሁለት ወንድማማቾች ሊያያዙ ነበር።

ፕሮግራሙ ምሩቆቹን በየዓመቱ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክት ድጋፍ ያወዳድራል። ሰውአገኝ አስራ አንድ ጊዜ ተወዳድሯል። የአይከል ቼዝ ክበብ ነበር። የወጣት ንብ አናቢዎች መድረክ ነበር። የፒያሳ ውሾች ክትባትም ነበር፤ እሱን ውሾቹም አልደገፉትም። አስራ አንድ ጊዜ «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ መጣለት። ሁሉንም አትሞ በፋይል ይዟቸዋል። «ጠንካራ ማመልከቻ ነበር ብለዋል» እያለ እንደ ዲግሪ ያሳያቸዋል።

የማመልከቻውን እንግሊዝኛ የማቃናለት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቋንቋ አጥንቼ፣ ከማስተማር የተረፈኝን ዕድሜ የሰው ደብዳቤ ሳርም ነው የጨረስኩት። ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፦ «ፕሮግራሙ በሕይወትዎ ላይ ምን ለውጥ አመጣ?» እሷን ሁልጊዜ ባዶዋን ያመጣልኛል። «ይቺን አንተ ታውቅበታለህ» ይላል። አውቅበታለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የአመራር ክህሎቱን አዳብሬለታለሁ።

አስራ ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። ፕሮግራሙ አርባ የሞላውን አመልካች አይቀበልም፤ ሰውአገኝ ደግሞ በታኅሣሥ አርባ ሊሞላው ነው። ቼዝና ውሻ ቀረ። እናቱ በተወለዱበት በድብ ባሕር፣ ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በታች፣ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ውሃ የለውም። ሴቶቹ ተማሪዎች እኩለ ቀን ላይ ጀሪካን ይዘው ወደ ምንጭ ይወርዳሉ፤ የከሰዓቱን ትምህርት የሚከታተልላቸው ወንበራቸው ነው። ሰውአገኝ የጣሪያውን ዝናብ በአሸንዳ ሰብስቦ ታንከር ውስጥ ለማስገባት አሰበ። ይህ ካልተሳካ ሌላ ዕድል የለውም፤ ልጆቹም የላቸውም።

የነዋሪው የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ አብሬው ወረድኩ። ሰው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሰውአገኝ መታወቂያውን አስተካክሎ «እኔ አሉምናይ ነኝ» ብሎ ጀመረና ሃያ ደቂቃ ስለ ዘላቂነት ተናገረ። በጥሞና ሰሙት። ጥያቄ ያለው ሲባል የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ አድማሴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሸጋ ተናገርህ። ካሬው ስንት ነው?»

«የምኑ?»

«የአሉሚኒየሙ ነዋ። ለበር ነው ለመስኮት?»

ሰውአገኝ አሉምናይና አሉሚኒየም ልዩ ልዩ መሆናቸውን አስረዳ። እንደገናም አስረዳ። በሦስተኛው ላይ ሳለ ወይዘሮ እናኑ የሚባሉ እናት ቤታቸው ደርሰው አንድ የሚያፈስ ድስት ይዘው መጡ።

«ምነው ታዲያ፣ ለዚችስ ቂጥ አታበጅላትም?»

ተቀብሎ ገልብጦ አያት፤ በአክብሮት መለሰላቸው።

ደብዳቤው ከሰባ በላይ የጣት አሻራና ማህተም አርፎበት በሹፌር እጅ ጎንደር የደረሰው፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ፣ የማመልከቻው ጊዜ በሚያበቃበት ዕለት ነው። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን ከፈትነው። «አቶ ሰውአገኝ ታማኝ የአሉሚኒየም ባለሙያ መሆናቸውን እያረጋገጥን፣ ውሃውን እንዲያመጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል።

ስተረጉመው አንዲት ቃል ባቃና ማንም አያውቅም አልኩት።

«ሰባ ሰው የፈረመበትን አንተ ልታርም ነው?» አለኝ። «እንደተጻፈው ተርጉመው።»

እንደተጻፈው ተረጎምኩት። ሳጥኗ ጋ ሳልደርስ መብራት ሄደ። የማስተምረው ክፍል ነበረኝና፣ መብራት ሲመጣ የአምናውን መልስ ገልብጦ ይልከዋል ብዬ ትቼው ወጣሁ።

በየካቲት መልስ መጣ። ተፈቅዷል። አንድ ነገር ብቻ ይብራራልን ብለዋል፦ አመልካቹ የአሉሚኒየም ባለሙያ ለመሆናቸው ነዋሪው ቢመሰክርም፣ በዕቅዱ ውስጥ አሉሚኒየም አልታየም።

ሰውአገኝ ሁለት ቀን አሰበ። ከዚያ ቆርቆሮ ሊሆን የነበረውን አሸንዳ ዳር እስከ ዳር አሉሚኒየም አደረገው።

«አይዝግም» አለኝ። «ዘላቂ ነው።»

ጥያቄውን ራሱ ሲመልሰው ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሰኔ፣ ደህና ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ለምረቃው ወረድን። አያ አድማሴ መርቀው ቧንቧው ተከፈተ፤ ሰው ሁሉ ከቦ ውሃውን አየ። ወይዘሮ እናኑ ብቻ «አሉሚኒየም ነኝ ብሎ ነግሯችሁ አልነበር?» እያሉ ወደ ጣሪያው ያመለክታሉ። ክቡርነታቸው ክርክሩን ካቆሙ ወራት አልፈዋል። ፋይላቸውን አስይዘውኝ ከወይዘሮ እናኑ ጋር ፈቀቅ አሉ።

ገለጥኩት። ማመልከቻው አለ። ሳጥኗ የአምናው መልስ አልነበረባትም። ሦስት የሰዋስው ስህተት ባለበት በራሱ እንግሊዝኛ ሞልቷታል። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ቧንቧ ሲከፍቱ ውሃውን አያዩትም ነበር። ከእኔ ጋር እያወሩ ነበር የሚከፍቱት። እናቴ ውሃ ስትቀዳ ዓይኗን ከውሃው ላይ አንሥታ አታውቅም። በስድስት ሳምንት ያየሁት ይህንን ነው።»

ያዳበርኩለት ክህሎት ሁሉ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ይህን በሆዱ ይዞ ለምን አስራ አንድ ዓመት ባዶ ሳጥን ሲያመጣልኝ ኖረ?

ቀና ስል ሰዉ ተበትኗል። የከሰዓቱ ደወል ተደውሎ ነበር። ሁለት ሴት ተማሪዎች ስለ ሒሳብ ፈተና እየተጨቃጨቁ መጡና አንደኛዋ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተች። ዓይኗ ጓደኛዋ ላይ ነው። «አራተኛው ጥያቄ ስህተት ነው አልኩሽ» እያለች ታጠበች፣ ዘጋችው፣ እየሮጡ ክፍል ገቡ።

ልጅቷን አሳየዋለሁ፣ የባዶዋን ሳጥን ነገርም እጠይቀዋለሁ ብዬ ዘወር ስል፣ ሰውአገኝ ወደ ዛሪማ በሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የወይዘሮ እናኑ ድስት አለች። ዛሪማ ደህና በያጅ አለ ተብሏል።

ፋይሉን ወደ ላይ አንሥቼ ተጣራሁ። የስንብት መሰለው፤ እሱም ድስቷን በመስኮት ብቅ አድርጎ አነሣልኝ፣ መኪናውም ኩርባውን ዞረ።